ሱስ የያዘውን የቤት ሰው መርዳት፣ ራስንም መጠበቅ፦ ለጎንደር ቤተሰቦች የአሠራር መመሪያ

ይህን የምጽፈው ቤቱ ውስጥ በአረቄ፣ በጫት፣ በትራማዶል (የሕመም ማስታገሻ ክኒን ነው) ወይም በሌላ ነገር የተያዘ ሰው ላለው ነው፤ ባል ይሁን ልጅ፣ እህት ትሁን አባት። ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያደርገው ገመናውን መሸፈን ነው። ልጁ ከሥራ ሲቀር «አሞት ነው» ይባልለታል። ባለሱቁ ጋ የከመረውን ዱቤ እናት ከእቁቧ አውጥታ ትከፍላለች። ማታ መንገድ ላይ ሲወድቅ ጎረቤት ሳያይ ተሸክመው ያስገቡታል። ይህ ሁሉ ከፍቅር የሚመጣ ነው። ግን ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ሱሱ ምንም ሳይጎድልበት ይኖራል፣ የሚያስታምመው ሰው ደግሞ ያልቃል።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሰውየውን ሳትጥሉት ሱሱን መሸከም እንድታቆሙ የሚረዱ ናቸው። ቅደም ተከተላቸውን እንደ ቤታችሁ ሁኔታ ልታቀያይሩት ትችላላችሁ፤ ሁለተኛውን ግን ማንም እንዳይዘለው። «እሱ» እያልኩ የምጽፈው ለአጻጻፍ እንዲቀል ነው። በሱስ የተያዙ ሴቶችም አሉ፤ እንዲያውም ከወንዶቹ ይልቅ ይደበቃሉ።

1. ምን እንደሚወስድና መቼ እንደሚወስድ እወቁ

ለጥቂት ቀናት ሳትጨቃጨቁ አስተውሉ። ጠጪ ከሆነ ጠዋት ቡና ሲቀርብ እጁን እዩ። ሲኒውን በሁለት እጁ ካልያዘ የሚፈስበት፣ ወጣ ብሎ አንድ መለኪያ አረቄ ቀምሶ ሲመለስ ግን እጁ የሚረጋ ከሆነ፣ ሰውነቱ ያለ አልኮል መዋል አቅቶታል ማለት ነው። ይህ ምልክት ስንት ጠርሙስ ጠጣ ከሚለው ይበልጣል።

ጫት ላይ ያለው ደግሞ ከሰዓት ጀምሮ ይጠፋል፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» ብሎ ይጠጣል፣ ሌሊት ዓይኑ አይከደንም፣ ጠዋት አይነሳም። ብዙ ቤተሰብ ስለ ጫቱ ብቻ ይናገርና ጨብሲውን ይረሳዋል። ያ ሁለት ሱስ ነው፤ ሐኪሙም ሁለቱንም መስማት አለበት። ትራማዶል የሚወስደው ኪሱ ውስጥ ባዶ የክኒን ማሸጊያ ይገኛል፤ ሲያጣው ያልበዋል፣ ሆዱ ይላወሳል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል።

ያያችሁትን ወረቀት ላይ ጻፉት፦ ምን፣ ምን ያህል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ወድቆ ተንቀጥቅጦ ያውቅ እንደሆነ፣ ሌላ በሽታና መድኃኒት እንዳለው። ወረቀቱ ለሐኪሙ ነው። ከዚያ በኋላ ኪስ መበርበርና ጠርሙስ መቁጠር ይብቃችሁ፤ እንቅልፋችሁን ይወስዳል እንጂ አንድ መለኪያ አይቀንስም።

2. የየቀን ጠጪን በአንድ ሌሊት አታስቁሙት

ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ አልኮሉ ሲያደነዝዘው የኖረው አንጎል ልጓሙን እንደበጠሰ ፈረስ ይሆናል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ባሉት ሰዓታት እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይደልቃል፣ ያስመልሳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ጥሎ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ቀንና ሌሊት ይምታታበታል። እዚህ የደረሰ ሰው ካልታከመ ሊሞት ይችላል። ሕክምናው ግን አለ፦ ሐኪም ዲያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ ወይም የሱ ዓይነት መድኃኒት ለጥቂት ቀናት እየቀነሰ ይሰጠዋል፣ ቫይታሚን ቢ1 ይጨምርለታል፣ ፈሳሽና ምግብ እንዲያገኝ ያደርጋል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በእኛ ዘንድ መጠጥ የሚቆምበት መንገድ ስለሚያሰጋኝ ነው። አንዱ ግዝት ነው። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ የነፍስ አባቱ ይጠራሉ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አረቄ የሚባል እንዳትቀምስ» ተብሎ ይገዘታል። በማግስቱ ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ ደግሞ «ሰይጣኑ እየወጣ ነው» ይባላል። ሁለተኛው ጠበል ነው፤ ሰውየው ካቆመ ገና አንድ ቀን ሳይሞላው ሆዱ ባዶ ሆኖ በጠዋት ብርድ ይጠመቃል። በሙስሊም ቤተሰቦችም ረመዳን ሲገባ ተደብቆ ይጠጣ የነበረ ሰው በአንድ ሌሊት ያቆምና ያው አደጋ ይደርስበታል።

ጠበሉንም ግዝቱንም ተዉ አልልም። በእምነቱ በርትቶ ከመጠጥ የተላቀቀ ሰው ብዙ ነው፤ ያን ብርታት የሚተካ ክኒንም የለም። የምለምናችሁ ቅደም ተከተሉን ነው። አስቀድማችሁ የነፍስ አባታችሁን ለብቻቸው አግኙና እንዲህ በሏቸው፦ «አባ፣ በየቀኑ ጠጪ ነው፤ በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ እንዳይጎዳ መጀመሪያ ሐኪም ያረጋጋልን። ግዝቱ ከዚያ በኋላ ይሁን።» ነገሩ ከተነገራቸው እሺ የሚሉ ካህናት ብዙ ናቸው። ግዝት ያፈረሰ ሰው ከሱሱ ሌላ የኃጢአት ፍርሃት ይጨመርበትና ከቤትም ከቤተ ክርስቲያንም ይሸሻል፤ ስለዚህ ሰውነቱ ሳይረጋ መገዘቱ በነፍሱም በኩል ይጎዳዋል። ጠበል ላይ ሲሄድም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። ጠበል እየጠጡ መድኃኒት መውሰድ እንደሚቻል ቤተ ክርስቲያኒቱ ከፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜ ጀምሮ ስታስተምር ቆይታለች።

ቤት ውስጥ ቢወድቅና ቢንቀጠቀጥባችሁ በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ሰዓታችሁን እዩ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። ክብሪት ማሽተት ምንም አይረዳውም፤ ይልቅ አየር እንዲያገኝ አድርጉ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ቆሞ እንደገና ከጀመረው አንድ ደቂቃም አትጠብቁ፤ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ጥሩ ወይም ባጃጅም ቢሆን ይዛችሁ ሩጡ። መንቀጥቀጡ ቶሎ ቢቆምም በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ሰክሮ ራሱን የሳተ ሰውም በጀርባው አይተኛ፤ ትውከቱ ያንቀዋል።

ጫት ከዚህ ይለያል። በአንድ ቀን ቢያቆሙት አይገድልም። ለጥቂት ቀናት ይደክመዋል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ በእንቅልፉ ይቃዣል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ድብርት ይጫነዋል። የሚያስፈራው ድብርቱ ነው፤ «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ነገሩን እንደ ዘበት አትለፉት። «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስጀምረውም። ጠይቁት፣ ብቻውን አትተዉት፣ ቤት ያለውን ፀረ ተባይና ክኒን አርቁ፣ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሰዎች እያሴሩብኝ ነው ወይም ድምፅ ይሰማኛል ካለም በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ትራማዶልን ብዙ ጊዜ የወሰደ ሰውም በሐኪም ምክር እየቀነሰ ይተዋል።

3. ጠዋት ላይ፣ ብቻችሁን ሆናችሁ አውሩት

በምርቃና ሰዓት የማይገባው ቃል የለም፤ ቤት ይሠራል፣ ሱቅ ይከፍታል፣ ነገ ያቆማል። ሰክሮ ሲመጣ ደግሞ የተናገራችሁትን ጠዋት አያስታውሰውም። ስለዚህ ነገሩን የምታነሡት አእምሮው ባለበት ሰዓት፣ ሰው ሳይሰበሰብ ነው። ሽማግሌ ለኋላ ይቆይ። አሥር ሰው ፊት ተቀምጦ የሚገሠጽ ሰው እሺ የሚለው ለመገላገል ነው።

ያያችሁትን አንድ ነገር ተናገሩ፣ የተሰማችሁን ጨምሩ፣ ትንሽ ነገር ጠይቁ። እህት ለወንድሟ እንዲህ ልትለው ትችላለች፦ «ወንድምዓለም፣ ትናንት ማታ ደጃፍ ላይ ስትወድቅ ልጅህ አይቶህ እስኪነጋ አልተኛም። እኔም ፈራሁ። ሐሙስ ሆስፒታል አብሬህ ልሂድ፤ ካርዱን እኔ አወጣለሁ፣ አንተ ና ብቻ።» አባት ከሆኑ ደግሞ፦ «አባባ፣ እጅዎ ሲንቀጠቀጥ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። ደም ግፊትዎንም ይለኩልዎት፣ አብረን እንሂድ።» ለሌላ ሕመም ብሎ ሐኪም ቤት መግባት ለብዙ አባቶች ክብራቸውን ይጠብቅላቸዋል። እዚያ ሲደርሱ ግን መጠጡን ለሐኪሙ እንዳትደብቁ።

«ሰካራም»፣ «ጀዝባ»፣ «የአባትህን ስም አዋረድክ» የሚሉትን አስቀሩ። እፍረት ያለበት ሰው እፍረቱን የሚያጠፋው በዚያው በለመደው ነገር ነው። በተቃራኒው ሳይቅምና ሳይጠጣ የዋለበትን ቀን አሙቁት፦ ቡናው ይፈላ፣ የሚወደው ወጥ ይሠራ፣ ተቀምጣችሁ ተጫወቱ። ጠጥቶ ሲመጣ ያለ ጠብ ተነሡና ወደ ሌላ ክፍል ሂዱ። ይህ ልዩነት ሳይነገረው ይገባዋል።

4. ካርድ አውጡ

ጎንደር ከተማ ውስጥ ላለ ሰው ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ ሱስም የሚታየው እዚያ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ በቀበሌያችሁ ጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር አጽፉ፤ መታወቂያው መታደሱንም ቀድማችሁ እዩ። ወድቆ መንቀጥቀጥ፣ ነቅቶ መቃዠት ወይም ራስን መሳት ካለ ግን ሪፈር ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

«የእብድ ሐኪም ጋ አልሄድም» ማለቱ አይቀርም። ብዙ ሰው የአእምሮ ሕክምና ሲባል አዲስ አበባ ያለውን አማኑኤል ሆስፒታልን ብቻ ያስባል፤ ስሙም እንደ ስድብ ሲነገር ሰምቶ ነው ያደገው። ክፍሉ እንቅልፍ ያጣውም፣ የተጨነቀውም፣ ከወለደች በኋላ ድብርት የያዛትም የሚታዩበት መሆኑን ንገሩት። መንገዱ አስተማማኝ በማይሆንበት ጊዜ አዲስ አበባ ካልሄድን ብሎ ወራት ማባከንም አይገባም። እዚሁ ጀምሩ፤ ካስፈለገ ሐኪሙ ይልከዋል።

ወረቀታችሁን ይዛችሁ ግቡና ሳትጠይቁ አትውጡ፦ ቤት ሆኖ ማቆም ይችላል ወይስ ይተኛ? መድኃኒቱን ማን ይያዝ? ምን ምልክት ካየን ሌሊት ይዘነው እንምጣ? ቀጣይ ቀጠሮው መቼ ነው? ዲያዜፓምን ከፋርማሲ በራሳችሁ ገዝታችሁ እንዳትሰጡት፤ ከመጠጥ ጋር ሲሆን ትንፋሽን ያደክማል፣ እሱ ራሱም ሱስ ይሆናል።

«አልሄድም» ብሎ ድርቅ ቢልስ? እናንተ ሂዱ። ያለ እሱም ባለሙያ አነጋግራችሁ እንዴት እንደምትይዙት ትጠይቃላችሁ። ከዚያ በየጥቂት ሳምንቱ፣ በተለይ ራሱ የደነገጠ ቀን፣ ያችኑ አጭር ግብዣ ድገሙለት።

5. ገንዘቡን ለዩ

ጥሬ ብር አትስጡት። የተራበ እንደሆነ አብሉት፣ ጫማ ካስፈለገው ገዝታችሁ አምጡለት፣ የትራንስፖርት ከሆነ ለሾፌሩ ክፈሉ። ዱቤ የሚሰጠውን ባለሱቅና ጫት ሻጭ በትሕትና ግን በግልጽ ንገሩት፦ «ከዛሬ ወዲያ የሱን ዕዳ እኛ አንከፍልም።» አንዴ ከከፈላችሁ ቃላችሁ ፈረሰ። የእቁብ ዕጣ ሲወጣ ወደ ባንክ ይግባ፤ የቤት ካርታና ወርቅ ታማኝ ዘመድ ጋ ይቀመጥ። ዋስ ሁኑኝ ሲል አትፈርሙ። በስልክ ውርርድ የተያዘ ከሆነ የባንክና የቴሌብር የይለፍ ቁጥራችሁን ዛሬውኑ ቀይሩ።

6. አረቄው ከራሳችሁ ቤት የሚወጣ ከሆነ

ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው። አረቄ አውጥታ፣ ጠላ ሸጣ ልጆች ያሳደገች እናት «መጀመሪያ ንግድሽን ተይ» ብትባል ምን ትብላ? የሚቻለው ይህ ነው፦ ጠርሙሱ ቁልፍ ያለው ክፍል ይግባ፣ ቁልፉ ከሷ አይለይ፣ እሱ ከሚያድርበት ክፍል የጠጪ መቀመጫው ይራቅ። ቢያንስ ሕክምና በጀመረባቸው ሳምንታት ዘመድ ጋ ቢያርፍ ይሻላል። ሽያጩን እንዲያግዝ ግን በፍጹም አታድርጉት።

ከዚያ ግብዣው አለ። ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ተስካር፣ ሠርግ፤ «ለስሙ እንኳ ቅመስ» የማይልበት የለም። ከባዱ ጥምቀት ነው። ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ቃና ዘገሊላ፤ ከተማው በእንግዳ ይጥለቀለቃል፣ ድሮ አብረውት ይጠጡ የነበሩት ሁሉ ከያሉበት ይመጣሉ። ከሳምንት በፊት አብራችሁ ተነጋገሩ፦ ከማን ጋር ወደ ባሕረ ጥምቀቱ እንደሚወርድ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ፣ ሲጎተት ማን ጋ እንደሚደውል። መልሱ አጭር ይሁን፦ «መድኃኒት ላይ ነኝ።» በቤታችሁ ለእሱ ብርዝ ወይም ለስላሳ አዘጋጁ። ጉሽም ቅራሪም አልኮል እንዳለባቸው ለአስተናጋጁ ንገሩ፤ «ይሄማ ቀላል ነው» ተብሎ የተሰጠ ጣሳ የብዙ ሰው ወራት አበላሽቷል።

7. እናንተስ?

ሌሊት በሩ እስኪንኳኳ ቁጭ የምትል እናት ጠዋት ለማንም አትሆንም። ወንድምና እህት ካላችሁ ሌሊቱን ተከፋፈሉት፦ በዚህ ሳምንት ማን ይጠብቃል፣ በሚቀጥለው ማን። ማስታመሙ ቀረብ ብላ በምትኖረው ሴት ልጅ ላይ ብቻ እየወደቀ ሌሎቹ በስልክ ምክር የሚሰጡበት ቤት ብዙ ነው። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለው ወንድም ገንዘብ ይላክ፤ ግን ወር ቆጥሮ መጥቶ ሁለት ሳምንት ቢያሳርፋት ይበልጣል።

ከቤት ውጭ አንድ ሰው ይወቅ። ሁሉም ጎረቤት ይስማ አይደለም፤ ወሬ የማያወጣ አንድ ሰው፣ ጓደኛ ወይም የነፍስ አባት፣ እውነቱን ይወቅላችሁ። በይሉኝታ ተይዞ ለዓመታት ለማንም ያልተነገረ ነገር ደም ግፊት ሆኖ፣ ጨጓራ ሆኖ፣ እንቅልፍ ማጣት ሆኖ ይወጣል። ለእሱ ካርድ ስታወጡ ለራሳችሁም አውጡ፤ ግፊታችሁን ተለኩ፣ እንቅልፍ ካጣችሁም ተናገሩ። ከዚህ በላይ ደግሞ ስሙ የማይነሣበት ሰዓት ይኑራችሁ። ከጎረቤት ጋር ቡና ስትጠጡ ወሬው ስለ ገበያው፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ይሁን። እሱ እየወደቀ እኔ እንዴት እስቃለሁ የሚል ሐሳብ ይመጣባችኋል፤ የእናንተ መክሳት እሱን አያነሣውም፣ እረፍታችሁም ከእሱ የተሰረቀ አይደለም።

ልጆች ካሉ አትዋሹአቸው። የሚያዩትን ያውቁታል። «አባባ ታሟል፤ መጠጡ ነው ያሳመመው። ያንተ ጥፋት አይደለም። እኛ እናሳክመዋለን» ይበቃል። ሰክሮ ሲመጣ የትኛው ጎረቤት ቤት እንደሚሄዱም ይወቁ።

ዱላ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ሱስ ለዱላ ምክንያት አይሆንም፤ «ሲጠጣ ነው እንጂ ደግ ነው» እየተባለ የሚኖርበት ቤት ውስጥ ሴት ትሞታለች። መታወቂያችሁን፣ የልጆቹን ካርድ፣ ጥቂት ልብስና ብር እህታችሁ ወይም ጓደኛችሁ ጋ አስቀምጡ። በሰከረ ሰዓት አትከራከሩት፤ ውጡ። ከዚያ ለፖሊስና ለክፍለ ከተማችሁ የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ፣ ጉዳት ካለ በዚያው ቀን በሐኪም ታይታችሁ ማስረጃ ይዛችሁ ውጡ። ሽማግሌ «ታገሺ» ቢል እንኳ ሕክምና ሳይጀምር አትመለሱ። እሱን የሚያሳክመው ሰው መኖር አለበት፤ ያ ሰው የግድ እናንተ መሆን የለባችሁም።

8. ሲያገረሽ

ብዙ ሰው ተመልሶ ይጠጣል፣ ተመልሶ ይቅማል። የደም ግፊት ሕመምተኛ ጨው በልቶ ሲታመም መድኃኒቱን ጣሉበት እንደማይባል ሁሉ፣ እዚህም ሕክምናው አይጣልም። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ ምን ተፈጠረ? ከማን ጋር ነበርክ? መልሱን ጻፉት፤ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ፣ አንድ ጓደኛ ወይም ደመወዝ የወጣበት ቀን ተደጋግሞ ይገኛል፤ መቀየር ያለበት እሱ ነው። ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ወደ ጀመረበት ክፍል መልሱት።

ለወራት ያቆመ ሰው ሲመለስ የድሮውን መጠን መውሰዱ አደገኛ ነው፤ ሰውነቱ መቻሉን ረስቶታል። ትራማዶል ላይ ይህ በተለይ ይገድላል። ትንፋሹ ከዘገየ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሲጠሩት ካልነቃ እስኪነጋ ይተኛ አትበሉ፤ በጎኑ አዙሩትና ወዲያው ሆስፒታል አድርሱት፣ የወሰደውን ክኒን ማሸጊያም ይዛችሁ ሂዱ።